የጥርስ ማጣበቂያና የመጀመሪያው ቀን ጥንካሬ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተቦረቦረ ጥርስ ሲሞላ ለብዙ ዘመን የቆየው ልማድ ጉድጓዱን ከአፉ ጠበብ፣ ከውስጡ ሰፋ አድርጎ መቆፈርና አማልጋሙን በዚያ ቆልፎ ማስቀረት ነበር። አማልጋም ከጥርስ ጋር አይጣበቅምና የሚይዘው የጉድጓዱ ቅርጽ ነው። ስለዚህም ሐኪሙ ለቅርጹ ሲል ጤነኛውን አካል ጭምር ይቆርጥ ነበር። የማጣበቂያ ጥናት የተነሣው ይህን ጤነኛ አካል ለማትረፍ ነው። አሁን ሌላም ምክንያት ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. ከተፈረመ ወዲህ አማልጋም ከአገልግሎት እየወጣ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ይሠሩ የነበሩት ማይክል ቡኦኖኮር፣ በኢንዱስትሪ ብረት ቀለም እንዲይዝ በፎስፎሪክ አሲድ መታጠቡን ተመልክተው ያንኑ በኤናሜል ላይ ሞከሩት። 85 በመቶ በሆነ አሲድ ለ30 ሴኮንድ የታጠበው ኤናሜል ሙጫውን ካልታጠበው እጅግ አብልጦ ያዘ። ኤናሜል ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነ አሲዱ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ያወጣለታል፤ ሙጫውም በእነዚያ ውስጥ ሥር ይሰዳል።

ችግሩ ያለው በዴንቲን ላይ ነው። ዴንቲን ሕያው አካል ነው፤ ኮላጅንና ውሃ ይዟል፤ ከጥርሱ እምብርት አጠገብ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 45,000 ያህል ረቂቅ ቦዮች ይገኙበታል። ሙጫ ደግሞ ከውሃ ጋር አይስማማም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በቶኪዮ ታካኦ ፉሳያማ ዴንቲንም በአሲድ ይታጠብ ባሉ ጊዜ፣ እምብርቱ ይሞታል ብለው የሠጉ ብዙዎች ነበሩ። በ1982 እ.ኤ.አ. ግን ኖቡኦ ናካባያሺና ባልደረቦቻቸው፣ ሙጫው ማዕድኑ በለቀቀው የኮላጅን መረብ ውስጥ ሠርጎ ከእርሱ ጋር አንድ ቅይጥ ንብርብር እንደሚሠራ አሳዩ። የንብርብሩ ውፍረት የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው፤ የሙሌቱ ዕድሜ ግን በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሐኪሙ ዴንቲኑን አብዝቶ ቢያደርቀው ኮላጅኑ ውሃ እንዳጣ ተክል ይጠወልግና ሙጫውን አያሳልፍም፤ ውሃ ቢበዛበትም ሙጫው ይቀጥናል። በሁለቱም በኩል ሙጫ ያልደረሰው ኮላጅን ይተርፋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ፓሽሊና ባልደረቦቻቸው፣ ባክቴሪያ በሌለበት እንኳ በዴንቲኑ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች ይህን የተራቆተ ኮላጅን ቀስ በቀስ እንደሚያፈርሱት አመለከቱ። እንግዲህ አፍራሹ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ የማጣበቂያ ጥንካሬ በብዛት የሚለካው ጥርሱ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ የሚታተመው የሜጋፓስካል ቁጥርም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ነው። በሽተኛው ደግሞ ለአንድ ቀን አልከፈለም።

የሚፈተነውም ጥርስ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የተነቀለ መንጋጋ፣ አለዚያም የከብት ጥርስ ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ሌላ ጥርስ ይዞ ይመጣል። በዚያ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች የሚሰጡት ውሃ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለበት፤ በወንጂ የስኳር እርሻ የታየው የጥርስ መበለዝም ለሙያው አዲስ ወሬ አይደለም። የበለዘ ኤናሜል የላይ ገጹ ለአሲድ አይበገርም፤ ከሥሩ ያለው ግን ስስና ቀዳዳ የበዛበት ነው። አንዳንዶች አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየትን፣ ሌሎች የላዩን ገጽ በስሱ መፋቅን ይመርጣሉ፤ ውጤቱም እንደ ብልዘቱ ደረጃ ይለያያል። እንዲህ ያለው ሰው የሚመጣው በአብዛኛው ሕመም ኖሮበት ሳይሆን ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ሰልችቶት ነው። የተለጠፈለት ሽፋን በስድስት ወር ሲወድቅበት የሚያዝነው በማጣበቂያው ሳይሆን በሐኪሙ ነው።

በእነዚህ ክሊኒኮች ያለው የሕሙማን ካርድ ብዙ ሊያስተምር ይችላል። የብልዘቱ ደረጃ፣ አሲዱ የቆየበት ሴኮንድ፣ የማጣበቂያው ስምና ሽፋኑ የወደቀበት ቀን በአራት መስመር ይጻፋሉ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው እርሳስ ብቻ ነው።