ሳይፈርስ የቀረው ወገን
(ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት በተዘጋጀ የሕንፃ ጥበቃ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ አጥቢያዎቻችን ጣሪያና ግድግዳ ለመነጋገር በተሰበሰብንበት ጉባኤ ከሩቅ አገር ምሳሌ ይዘን መቅረባችን ያስገርማችሁ ይሆናል። የመረጥነው፣ ገንዘብ ያልጠፋበት ሕንፃ እንኳ ባልተጠገነው ወገኑ እንደሚጎዳ ስለሚያሳይ ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በግቢው መካከል የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አለው። ወይዘሮ ጄን ስታንፎርድ ለሟች ባለቤታቸው ለሌላንድ ስታንፎርድ መታሰቢያ ያሠሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ተመርቋል። የሞዛይክ ሥዕሎቹ የቬኒስ ባለሙያዎች ሥራ ናቸው። ከጥንቱም ለአንድ የእምነት ክፍል ብቻ አልተወሰነም፤ ዛሬም ጸሎት፣ ሰርግ፣ የሙታን መታሰቢያና የሙዚቃ ዝግጅት ይካሄድበታል። (ታቦት ባለበት በእኛ መቅደስ እንዲህ ያለው አይታሰብም፤ ንጽጽራችን ስለ ሕንፃው ብቻ ነው።)

በ1906 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሾጣጣው ማማ ወደቀ፤ የፊት ግድግዳውም ከነሥዕሉ ፈረሰ። መሥራቿ ወይዘሮ ይህን አላዩም፤ ከአንድ ዓመት በፊት አርፈው ነበር። ቤቱ ታድሶ በ1913 ሲከፈት ማማው አልተመለሰም። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ግን ሌላውን ነው። በእድሳቱ ጊዜ፣ አራቱ ታላላቅ ቅስቶች የሚገናኙበት መካከለኛው ክፍል ቆሞ ስለተገኘ ሳይጠናከር እንደ ነበረ ተተወ። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ በሥሩ ተጸለየ፤ ሙሽሮችም ተዳሩ። በጥቅምት 1989 ሌላ መንቀጥቀጥ ሲመጣ በተለይ የተጎዳው ይኸው ክፍል ሆነ፤ ከመላእክቱ ሥዕል የአንዱ ክንፍ ስባሪ ከላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ቤቱም እስከ 1992 ተዘጋ።

ይህን ስናነብ አንድ አጥቢያ ትዝ አለን። ለጉብኝት በደረስንበት ጊዜ ኮሚቴው ለአዲስ የግቢ በር ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። በሩ ያማረ ነው፤ ከመንገድ ይታያል። ከቅኔ ማኅሌቱ በላይ ግን የቆርቆሮው ምስማር ላልቶ፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ፣ የክረምቱ ውኃ በግድግዳው ሥዕል ጀርባ ይወርድ ነበር። ለአሸንዳው አንድ መሰላልና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃው ነበር። እኛም ከወቀሳ አናመልጥም፤ ሪፖርት ስንጽፍ ፎቶግራፍ የሚነሣለትን ሥራ እናስቀድማለን። አሸንዳ ለለጋሽ አይታይምና።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አዳራሻችሁን ለሰርግና ለስብሰባ የምታከራዩ አጥቢያዎች፣ ከኪራዩ ጥቂቱን ለጥገና በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ፤ ለሌላ ጉዳይ እንዳይነካም በቃለ ጉባኤ ወስኑ። ሁላችሁም ደግሞ በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የሕንፃ ሙያ ያለው ሰው ጣሪያው ላይ አውጡ። እርሱ ያየውን የምትመዘግቡበትን ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ከምሳ በፊት በየአጥቢያችሁ ስም ትረከባላችሁ።