ተቀበል የምንለው ለማን ነው?
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ የለመዳችሁት የቁጠባ ሪፖርት ነው። ሂሳብ የምትሠራው ልጅ ዛሬ ስለ ዘፈን ልታወራ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ትዝታ የዘፈንም የቅኝትም ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ይቆጠራል። አስናቀች ወርቁ በክራሯ፣ መሐሙድ አህመድና በዛወርቅ አስፋው በየድምፃቸው ተጫውተውታል። ግጥሙ ከዘፋኝ ዘፋኝ ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሰውየው ሄዷል፣ ትዝታው ግን አልሄደም።

የዛሬ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦለት የነበረ ጋብቻዬ ፈረሰ። ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ አንድ የትዝታ ዘፈን ደጋግሜ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ጠቀመኝ። አፌ ያቃተውን ዘፋኙ ተናገረልኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ አለቀስኩ። በኋላ ግን ዘፈኑ ካለ እሱ መኖር አይቻልም ሲል እኔም እውነት ነው ማለት ጀመርኩ። ምግብ አስጠላኝ፣ እንቅልፍ ጠፋ። የወር መዝጊያ ሂሳቤ እንኳ ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣጠን አለኝ።

አንድ ማታ አንዲት የማኅበራችን እናት በሬን አንኳኩ። የሁለት ወር ቁጠባ ስላላስገባሁ የመጡ መስሎኝ ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸው ግን «ደብተሩን ተይው፤ ለመሆኑ ምሳሽን በልተሻል?» አሉኝ። ቁጭ ብለው ዘፈኑንም አብረውኝ ሰሙ። ከዚያም «ልጄ፣ ይኼ እኮ ለብቻ የሚሰማ አይደለም። አዝማሪ ቤት አንዱ ‹ተቀበል› ብሎ የልቡን ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበለዋል፣ ቤቱ ሁሉ ያጨበጭባል» አሉ።

ልክ ነበሩ። አዝማሪው ሞትኩ ብሎ ከዘፈነ በኋላ መሰንቆውን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ነገም ይዘፍናል። እኔ ግን ቃሉን ብቻዬን ተቀብዬ፣ ብቻዬን ተሸክሜው ነበር።

በሥራዬ የማይሰበሰብ ዕዳ ከመዝገብ ይሰረዛል። ፍቅር ግን እንደዚያ አይሰረዝም። አልዋሻችሁም፣ ያ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ዛሬም ፊቴን ወደ መስኮት አዞራለሁ። ቢሆንም ከታክሲው ወርጄ ሥራዬ እገባለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁለት ስብሰባ የቀረች እህት ስትኖር ቅጣት ከመጻፋችን በፊት ሄደን እንያት። ዘፈን ስትሰማ ብናገኛት አንቆጣት፤ አብረናት እንስማ። መኖር አስጠላኝ ካለችን ግን የዘፈን ግጥም ነው ብለን አንለፈው። ብቻዋን አንተዋት፤ ጤና ጣቢያ ይዘናት እንሂድ።

በሬን ያንኳኩት እናት ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። እማማ፣ ምሳዬን በልቻለሁ።