ራሱን የሚያርም ተራ

ሰላም፦ ዳዊት፣ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንድ ሒሳብ ላይ ቢጽፉ ምን ይፈጠራል?

ዳዊት፦ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያጠፋው ይችላል! ስለዚህ በተራ መግባት አለባቸው።

ሰላም፦ እሺ፣ ተራውን ማን ያስጠብቃል?

ዳዊት፦ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1974 ማሽኖችን በቀለበት ደረደረ። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ከሌሎቹ የግራ ጎረቤቱን ቁጥር ብቻ ያያል። ከራሱ ከተለየ ተራው ደርሷል፤ ሥራውን ሠርቶ ቁጥሩን ይቀዳል።

ሰላም፦ ሁሉም እኩል ከሆኑስ? ቆመው ሊቀሩ ነው?

ዳዊት፦ ጥሩ ጠየቅሽ። አንዱ ለየት ይላል፤ እሱ ተራ የሚያገኘው ቁጥሩ ከጎረቤቱ ሲመሳሰል ነው። ሁሉም 3 ላይ ካሉ እሱ 4 ይላል፣ 4ቷም ዙሩን ትዞራለች።

ሰላም፦ በብልሽት ቁጥሮቹ ቢዘበራረቁስ?

ዳዊት፦ ውበቱ እዚህ ላይ ነው! ልክ እንደ ፍሪጅ ቴርሞስታት፣ ልዩነቱን እያየ ያርማል። የሚጠቀሙባቸው ቁጥሮች ብዛት ከማሽኖቹ ብዛት እስካላነሰ ድረስ፣ ከየትኛውም ዝብርቅርቅ ተነስቶ ወደ አንድ ተራ ይመለሳል።

ሰላም፦ እስኪመለስ ግን ሁለት ማሽኖች አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ለባንክ ይሄ አይሆንም።

ዳዊት፦ እውነትሽን ነው፤ ለባንክ ጠበቅ ያለ ቁልፍ ይሻላል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን፣ ሁሉን የሚያይ አለቃ ሳይኖር መስተካከሉ ነው።

ሰላም፦ እሱስ እኔንም ያስደንቀኛል።