የክረምቱን ምርጥ ጭውውቶች እንዴት መረጥን?

(ይህ ጽሑፍ በክረምቱ ማብቂያ በማኅበራችን አዳራሽ በመራጭ ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ከሁሉ አስቀድመን ዝናቡንና ጭቃውን ሳትፈሩ በመምጣታችሁ በኮሚቴው ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። እንደምታስታውሱት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶቻችን ሥራ ፈትተው በየደጃፉ ከሚቀመጡ አንድ ነገር ይሞክሩ በማለት፣ ማኅበራችን አጫጭር አስቂኝ ጭውውቶች ጽፈው እንዲያቀርቡ ጥሪ አድርጎ ነበር። በዚህም መሠረት አሥራ አራት ጽሑፎች ደርሰውናል። ጸሐፊዎቹ በሙሉ ጀማሪዎች ናቸው። ተማሪ አለ፣ የታክሲ ረዳት አለ፣ ልጆቿን አስተኝታ ሌሊት የጻፈች እናትም አለች። ዛሬ የቆምነው ሦስቱን ለመሸለም ብቻ አይደለም። በምርጫው ቅር የተሰኙ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። ሐሜቱ ከቤት ቤት ከሚዞር እዚሁ ፊት ለፊት ብንነጋገር ይሻላል ብለን ነው።

በመጀመሪያ አንዳንድ ወላጆች «ደግሞ ለጀማሪ ቀልድ ምን ኮሚቴ ያስፈልገዋል?» ሲሉ ሰምተናል። ኧረ ያስፈልገዋል! የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው ራሱ ኮሜዲ ነበር። እሱም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ጸሐፊው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ የወታደር ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ቴአትር መደበኛ ሥራቸው አልነበረም፤ በእኛ አነጋገር እሳቸውም አማተር ነበሩ ማለት ነው። ዳሩ ግን አውሬዎችን እያናገሩ የጊዜውን የአስተዳደር ብልሹነት ስለ ነኩ፣ ትርኢቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ። እንግዲህ ቀልድ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር? ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን አሠራራችንን እንግለጽ። የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስም በወረቀት ሸፍነን ቁጥር ሰጠነው። ከዚያም ከአምስታችን ሁለቱ ያለ ምንም ትወና፣ ልክ የዕድር ቃለ ጉባዔ እንደሚነበብ አድርገው አነበቡ፤ ሦስታችን አዳመጥን። ለምን ቢሉ፣ የምንሸልመው ተዋናዩን ሳይሆን ጸሐፊውን ነው። ጥሩ ተዋናይ ኮፍያውን አዝምሞ፣ ሱሪውን እስከ ደረቱ ስቦ ሲገባ አፉን ሳይከፍት ሰው ይስቃል። ያ ሳቅ የተዋናዩ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የለም። በደረቁ ተነብቦ ያሳቀን ግን የጸሐፊው ነው።

በዚህ ዓይነት ስናነብ ሁለት ጉድለቶች በብዛት አገኘን። አንደኛው ኩረጃ ነው። አራቱ ጭውውቶች በበዓል ዋዜማ በቴሌቪዥን ካየናቸው ቀልዶች የተቀዱ ነበሩ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ሁለት ብቻቸውን ቆመው አገር ያስቁ እንደነበር እናውቃለን፤ ከእነሱ መማርም ያስመሰግናል። ነገር ግን መማርና መቅዳት ይለያያሉ። ሁለተኛው ጉድለት ምክር ነው። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ የሚያልቁት አንዱ ሰው ወደ ፊት ወጥቶ «ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከዚህ የምንማረው…» ሲል ነው። ልጆች፣ ምክሩን ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ተዉልን እንጂ! ተመልካች ከሳቀ ነገሩ ገብቶታል። የገባውን ሰው እንደገና ማስረዳት፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ስኳር መጨመር ነው።

ወደ አከራካሪው ጉዳይ እንምጣ። በትርኢቱ ምሽት ከሁሉም የበለጠ ያሳቀው ከገጠር አዲስ ስለ መጣው ዘበኛ የተጻፈው ጭውውት ነበር። አዳራሹ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። እኛም ስቀናል፤ አንክድም። ከመካከላችን አንዷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ታይታለች። ታዲያ ለምን ከሦስቱ ውስጥ አልገባም? ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁን ይህንኑ ነው።

ጽሑፉን በጠረጴዛችን ላይ ስናነበው አንድ ነገር ሞከርን። የዘበኛውን አነጋገር አቃንተን፣ እንደማንኛችንም እንዲናገር አድርገን እንደገና አነበብነው። አንድም ሰው አልሳቀም። ሰውየው በጭውውቱ ውስጥ ምንም አይፈልግም፣ ምንም አያቅድም፣ ከማንም ጋር አይጋጭም። ሥራው ቃል ማጣመም ብቻ ነው። አነጋገሩን ስናነሳለት ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ስለሆነም በጽሑፍነቱ ወደቀ።

ይሁን እንጂ ነገሩ የጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዚያ ምሽት በአዳራሹ በር ላይ የቆሙት የጥበቃ ሠራተኛ አባታችን ከገጠር የመጡ ናቸው። መጀመሪያ አብረውን ሲስቁ ነበር። ትንሽ ቆይተው ካፖርታቸውን ደርበው ወጡና ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ይህን ያየው ከኮሚቴው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሌሎቻችን ዓይን መድረኩ ላይ ነበር። በማግሥቱ ሲነግረን ለጊዜው የተናገረ አልነበረም። ለመሆኑ ከእኛስ ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ ከገጠር ያልመጣ ስንት ሰው አለ?

በሰው ዝቅ ማለት ሳይስቁ ማሳቅ እንደሚቻል ከእኛ በፊት የነበሩት አሳይተውናል። የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ያነበባችሁ ታስታውሱ ይሆናል። የተማረ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ያገባል። ሳቁ የሚያርፈው ግን በሠራተኛዪቱ ላይ ሳይሆን ዘር እየቆጠሩ «ጉድ ፈላ!» በሚሉት ላይ ነው።

ጸሐፊውን ጠርተን ይህንኑ ነገርነው። ተቀይሞ ሄደ። እውነቱን ለመናገር እኛም አነጋገራችን ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ። በአዲሱ ጽሑፍ የግቢው ሰዎች ዘበኛው አይገባውም ብለው ገመናቸውን ሁሉ ፊቱ ላይ ያወሩታል። እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። በመጨረሻ ሁሉም ሲጣሉ፣ ማን ማንን እንደሚያማ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ሽማግሌ ሆኖ የሚያስታርቃቸው እሱ ነው። በደረቁ አነበብነው፤ ሳቅን። ጊዜው ስላለፈ ልንሸልመው አልቻልንም፤ ለገና በዓል ግን በዚሁ መድረክ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ሦስቱ አሸናፊዎች።

ሦስተኛ የወጣው የአያትና የልጅ ልጅ ጭውውት ነው። ልጁ አያቱን በስልክ ገንዘብ መላክ ያስተምራቸዋል፤ እሳቸው እያንዳንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል፤ እሱ ይሰለቻል። መጨረሻ ላይ «አሁን ገባኝ። በል እንግዲህ ካቻምና የተበደርከኝን በዚሁ ላክልኝ» ይሉታል። ሁለተኛ ያልሆነው ከዚህ በኋላ ግማሽ ገጽ ምክር ስለተጨመረበት ብቻ ነው።

ሁለተኛ የወጣው የውሃ ወረፋ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ደግ ሰው የጎረቤቱን ሁሉ ጀሪካን ይጠብቃል። አንዷ ልጅ ልታጠባ፣ አንዱ ለቅሶ ሊደርስ፣ አንዱ ኳስ ሊያይ ይሄዳል። ሰውየው ጀሪካኖቹን እያሰለፈ በየባለቤቶቻቸው ስም ይጠራቸዋል፣ ያጨዋውታቸዋል፣ ሲጣሉም ያስታርቃቸዋል። ውሃው ሲመጣ የሁሉም ይሞላል። እሱ የራሱን ጀሪካን ለካ ከቤት አላመጣም። ጸሐፊዋ እዚያው ላይ አቆመች፤ አንድም ቃል አልጨመረችም። በርቺ ብለናታል።

አንደኛ የወጣው የማኅተሙ ጭውውት ነው። በአንድ የሰፈር ማኅበር ጽሕፈት ቤት አንዲት እናት የድጋፍ ደብዳቤ ሊያስጽፉ ይመጣሉ። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ተፈርሟል፤ የቀረው ማኅተም ነው። ማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል። ቁልፍ ሠሪ ለመጥራት የክፍያ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ማኅተም ካላረፈበት አይከፈልም። ሊቀ መንበሩ አጣሪ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው ሥራ ለመጀመር በማኅተም የተደገፈ መሾሚያ ይጠይቃል። በመጨረሻ እናቲቱ የተቀመጡበትን ወንበር ሲያነሱ ቁልፉ ከሥሩ ይገኛል። ሁሉም በደስታ ያጨበጭባሉ። ያን ጊዜ ጸሐፊው ሰዓቱን አይቶ «እማማ፣ የሥራ ሰዓት አልቋል፤ ነገ ይምጡ» ይላል።

ምን እንደምታስቡ እናውቃለን። «ይሄማ የእኛው ቢሮ ነው!» አዎን፣ ነው። ሣጥኑም የእኛው ሣጥን ነው። ከእኛው መካከል «ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ ብናደርገው ምን አለበት? ማኅበሩ መሳለቂያ ሆነ እንዳይባል» ያለ ሰው ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ውሳኔውን አሳደርነው። ያሳደርነው ጽሑፉ ደክሞ አይደለም፤ አሞን ነው። ቅድም ያዙልን ያልነው የፋቡላ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዘበኛው ሲሳቅ የሳቅን ሰዎች በእኛ ሲሳቅ ከተቆጣን ምን ዓይነት ዳኞች ነን? ዘበኛው ቢከፋው ዝናብ ውስጥ ከመቆም በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም፤ እኛ ግን ብዕሩ በእጃችን ነበር። ደካማው ሲሳቅበት ዝም ተብሎ፣ ኃላፊው ሲነካ ብቻ ሕግ የሚጠቀስ ከሆነ ውድድር ባይኖር ይሻላል። ስለዚህ በአንድ ድምፅ አንደኛ አደረግነው። በነገራችን ላይ የማኅተሙ ሣጥን መለዋወጫ ቁልፍ ባለፈው ሰኞ ተሠርቶለታል።

በመጨረሻም ለመጪው ክረምት የምትጽፉ፣ ከአምስት ገጽ አታስበልጡ፤ ስማችሁን በጀርባው ብቻ ጻፉ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ግን ጽሑፉን ቤታችሁ ውስጥ በደረቁ አንብቡት። የሳቃችሁበት ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ እየሰማ መሆኑንም አስቡ። አብሯችሁ እስከ መጨረሻው መሳቅ የሚችል ከሆነ፣ ወይም መቆጣቱ ራሱ ጥፋቱን የሚያሳይበት ከሆነ፣ አትፍሩ፤ አምጡት።

 መልካም አዲስ ዓመት!

መራጭ ኮሚቴው