ስለ ግራፊክስ ካርድ ሙቀትና ስለ ነፋስ መውጫው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እኔም አልክድም፤ ነገሩ የተጀመረው ከጨዋታ ነው። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ የእናቴ የዕቁብ ገንዘብ ስላለበት፥ እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ አምና በሱሉልታ፥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፥ ሦስት ኮምፒዩተሮች ያሉበት ጌም ቤት ከፈተ። ገንዘቡን ያገኘው ከእናታችን ነው፤ ዕቁብ በደረሳት ጊዜ ለቤታችን ጣራ ያሰበችውን ሁሉ ለእርሱ ሰጠችው። ልጆች በሰዓት እየከፈሉ የኳስና የተኩስ ጨዋታ ይጫወታሉ። በመጀመሪያው ወር ነገሩ ሁሉ ደኅና ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ከሦስቱ አንዱ፥ ያውም ዋናው፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በልጆች ሲሞላ ጠብቆ እያጓራ ይንቀረፈፍ፥ ከዚያም ድርግም ብሎ ይጠፋ ጀመር። ልጆቹ «ገንዘባችንን መልስ» ይላሉ፤ ወንድሜም ይመልሳል። እንዲህ እያለ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ጣራው በሚያፈስበት ቦታ ባልዲ ስታስቀምጥ አያት ነበር፤ ይህም ከቁጣ የከፋ ነው።

ወንድሜ «ተታለልሁ፤ የሸጡልኝ ካርድ የሞተ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ሳይሸጠው አንድ ወር እንዲሰጠኝ ለመንሁት።

እንግዲህ ግራፊክስ ካርድ ማለት በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የተሰካ፥ በስክሪኑ ላይ የምናየውን ሥዕል ሁሉ እያሰላ የሚሠራ ክፍል ነው። የእኛው ካርድ ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ያወጣው ጂቲኤክስ 1060 ነው። በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ እስከ 120 ዋት ይወስዳል፤ ይኸውም ባለ 60 ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች የሚወስዱት ያህል ነው። ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ ወዴት ይሄዳል? ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሁለት አምፖሎች በጫማ ካርቶን ውስጥ አብርታችሁ ክዳኑን ብትገጥሙት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። (በ2017 ዓ.ም. የወጣው አርቲኤክስ 5090 የተባለው ካርድ 575 ዋት ይወስዳል፤ እርሱን ለባለጸጎች እንተወው።)

ካርዱ ራሱን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ሙቀቱ 83 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፤ ልጆቹ «ይጎተታል» የሚሉት ይኸንኑ ነው። ሠሪው የወሰነለት የመጨረሻው ሙቀት 94 ዲግሪ ነው። ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ጭነን ብናይ፥ ጨዋታ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ 88 ደረሰ፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያልፍ ነበር። ስለዚህ ካርዱ አልሞተም፤ ታፍኗል።

በመጀመሪያ ያደረግነው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። የኮምፒዩተሩን የጎን ክዳን አውልቀን የቤት ማራገቢያ ደቀንበት። ሙቀቱ ወዲያው ወደ 79 ወረደ፤ እኛም ደስ አለን። ነገር ግን የጎጃም መንገድ በሱሉልታ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ የከባድ መኪናው አቧራ ያለ ማቋረጥ ወደ ቤት ይገባል፤ ማራገቢያውም አቧራውን እየለቀመ በካርዱ ላይ ነፋው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙቀቱን የሚያራግፉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች የበግ ፀጉር የለበሱ መሰሉ፤ ሙቀቱም 86 ሆነ።

ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድሁ። እሳቸውም መልስ በመስጠት ፈንታ «ለመሆኑ የሱሉልታ አየር ስንት ይመዝናል?» ብለው ጥያቄ ሰጡኝ። በልቤ ተናደድሁ፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ኖሯል።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይቀላል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳውን በሱሉልታ የሠራው፥ ሌሎችም አትሌቶች ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ በዚያ የሚለማመዱት፥ ሰውነታቸው ይህን ስስ አየር እንዲለምድ ነው። ውኃም በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያውቃሉ። ለኮምፒዩተር ማራገቢያ ግን ስስ አየር ጥቅም የለውም። ማራገቢያው በደቂቃ የሚያሳልፈው የአየር ስፍር ያው ነው፤ አየሩ ስለ ቀለለ ግን ያው ስፍር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በኮምፒዩተር ማዕከሎች ለሚቆሙ ብዙ መሣሪያዎች ባወጣው ደንብ፥ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍሉ የመጨረሻ ሙቀት አንድ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ አዝዟል። ለሱሉልታ ብናሰላው ስድስት ዲግሪ ይሆናል። ሰበታ ከእኛ ዝቅ ትላለች፤ እርሷም ብትሆን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በአንጻሩ ደግሞ ብርድ አለን፤ የክፍሉ አየር በአሥር ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ካርዱም በዚያው መጠን ገደማ ይቀዘቅዛልና፥ ከጅቡቲ ጌም ቤት ይልቅ የእኛው ዕድለኛ ነው።

ታዲያ ብርዱ ካለ ሙቀቱ ከየት መጣ?

መልሱን ያገኘሁት በእሑድ ቡና ነው። እናቴ ዕጣን ስታጨስ ጢሱ በበሩ ስንጥቅ እየተሳበ ሲወጣ አየሁና፥ ማጨሻውን አንሥቼ ወደ ጌም ቤቱ ሮጥሁ። (ቡናው ሦስተኛው ላይ ስላልደረሰ ተሰድቤያለሁ።) ማጨሻውን ከኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ባስቀምጠው፥ ጢሱ በፊት ማራገቢያ ገብቶ በኋላ ወጣ፤ ይህ ደግ ነው። ከወጣ በኋላ ግን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተጋጭቶ፥ በጎን ዞሮ፥ ተመልሶ በፊት ገባ። ያንኑ ጢስ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲዞር በዓይኔ አየሁት።

ቁም ሣጥን ያልሁት ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ወንድሜ ሌባ ስለሚፈራ፥ ሦስቱንም ኮምፒዩተሮች አናጢ በሠራለት፥ ከፊት ብቻ ጥቂት ክፍተት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ለማራገቢያው ስንል የዋናውን በርና የጎን ክዳን ብንከፍትም ጀርባው እንደ ተዘጋ ነበር፤ ለዚህ ነው ሙቀቱ ከክፍሉ ያልወጣው። ካርዱ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይተነፍስ ነበር። የክፍሉ አየር 18 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፥ ሁሉ ተዘግቶ ሲሠራ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ቴርሞሜትር 37 አሳየ።

«ጀርባውን እንቁረጠው» አልሁት። ወንድሜ እንቢ አለ። «አየሩ እንዲወጣ ብለህ ኮምፒዩተሩ ይውጣ?» ሲል ጠየቀኝ። በእውነትም እንደ ቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ከጎረቤታችን ሱቅ ዕቃ ተሰርቋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ ጀርባውን ቆርጠን በፋንታው የብረት ሽቦ መረብ በብሎን አሰርንበት፤ ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅነው። ክዳኑንም ወደ ቦታው መለስነው፤ የሣጥኑ ጎን ካልተዘጋ አየሩ ከፊት ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ እዚያው ይባዝናልና። በዚህ ብቻ 88 የነበረው ወደ 77 ወረደ።

አቧራውን በተመለከተ፥ ከፊት ሁለት ማራገቢያዎች አየር ያስገባሉ፤ ከኋላ አንድ ያስወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ፥ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ስለሚገፋ አቧራ በስንጥቅ ሊገባ አይችልም፤ የሚገባበት አንድ በር ብቻ ይሆናል፤ በዚያ በር ላይ ማጣሪያ ማድረግ ነው። ማጣሪያው የእናቴ አሮጌ ነጠላ ነው። በድርብ ሳደርገው ማራገቢያው ታነቀና ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ጨመረ፤ ነጠላውን ነጠላ ሳደርገው ደኅና ሆነ። ዓርብ ዓርብ ይታጠባል።

ቀጥሎ ካርዱን ፈታሁት። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ስለ ለወጠ፥ በዓለም ዙሪያ ሌት ተቀን እርሱን ሲያሰሉ የነበሩ ካርዶች ሥራ ፈትተው ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ፈሰሱ። የእኛው ከእነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ በቺፑና በአሉሚኒየሙ መካከል የሚቀባው ፔስት ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጠርጌ አዲስ ብቀባ አራት ዲግሪ ቀነሰ። ይህን ስታደርጉ ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ እጃችሁንም አስቀድማችሁ በብረት ላይ አሳርፉ።

የመጨረሻው ነገር አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ስክሪናችን በሴኮንድ 60 ሥዕል ብቻ ሲያሳይ፥ ካርዱ እስከ 150 ሥዕል እየሠራ ትርፉን ይጥል ነበር። በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ከ60 እንዳያልፍ ወሰንሁት። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም፤ ካርዱ ግን በ66 ዲግሪ ይሠራል፤ ጩኸቱም ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ቅዳሜ አልፏል፤ አንድም ገንዘብ አልተመለሰም። ጣራው ገና አልተሠራም፤ ቆርቆሮው ግን ተገዝቶ በግቢያችን ተቀምጧል።

አሁን በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ያው ኮምፒዩተር ነው፤ ወንድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አውሶኛል። ዕጣኑንም ከእናቴ ለምኜ አምጥቻለሁ። ፍሙ ስለ ተያያዘ፥ ከኋላ የተቀመጣችሁ ቀረብ በሉና ጢሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እንይ።