በረካ በጹኩባ



ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ ጹኩባ የምትባል ከተማ አለች። ጃይካ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ የግብርና ሠልጣኞችን የሚያስተናግድበት ማዕከል እዚያ አለው። እኔም የሩዝ አመራረት ልማር የሄድኩት ወደዚያው ነበር። ፎገራችን የሩዝ አገር ከሆነ ወዲህ ትምህርቱ የሚያስፈልገን ነው።

ቀን ቀን ጭቃ ውስጥ ገብተን ችግኝ እንተክላለን። የከበደኝ ማታው ነው። እራት ይበላል፣ ሁሉም በሩን ይዘጋል፣ ኮሪደሩ ጭር ይላል። አንድ ቅዳሜ እናቴ ቆልታና ወቅጣ ያስያዘችኝን ቡና አውጥቼ በጋራው ማዕድ ቤት አፈላሁ። ጀበና ስላልነበረኝ በትንሽ ድስት ነው። ሽታው ሰው ጠራልኝ፤ አብረውኝ ከሚሠለጥኑት የማዳጋስካሩ ልጅ መጣ፣ የኡጋንዳዋ ተከተለች። አቦሉን ጠጥተው፣ አመስግነው ሊነሱ ሲሉ፣ "ኧረ ተቀመጡ፣ ገና ቶና አለ፣ በረካ አለ" አልኳቸው።

ተቀመጡ። በቶናው የማዳጋስካሩ ልጅ ስለ አያቱ ነገረን፤ ከድስቱ ሥር ባረረው ሩዝ ላይ ውሃ ጨምረው ያፈላሉ፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣው እሱ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረንም። ወደ ውጭ ለሥልጠና የምትሄዱ ልጆች፣ እባካችሁ ሻንጣችሁ ውስጥ ለቡና ቦታ አትንፈጉ።

በበረካው ኡጋንዳዊቷ ጥላው ስለመጣችው ሕፃን ልጇ ማውራት ጀመረች። መጨረስ አልቻለችም። እጇን ይዤ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሳልጠራቸው፣ ሁለቱም ኩባያቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ።