አሮጌው ላንድክሩዘር በምን ይወቀሳል? በባምባሲ የተደረገ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠሩ፣ ዕድሜያቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት የደረሰ ተሽከርካሪዎች ነዳጅ ያባክናሉ፣ አየር ይበክላሉ ተብለው ይወቀሳሉ። ወቀሳው ይገባቸዋልን? መልሱ በዚህች ከተማ ክብደት አለው። ምክንያቱም በክረምት ወላድን ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ተቋም የሚያደርሰው፣ ክትባት ይዞ ጭቃውን የሚያቋርጠው፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት የመጡ ስደተኞች በተጠለሉበት በባምባሲ መጠለያ ጣቢያ ሲመላለስ የምናየው ይኸው የመኪና ዓይነት ነው። ይወገድ ብንል በምን እንደምንተካው መናገር አለብን፤ ይቆይ ብንል ደግሞ ጭሱን ማን እንደሚተነፍሰው መመለስ አለብን።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወስን። በአገራችን ገጠር የቀድሞው ትውልድ የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበውን ላንድሮቨር ነው። ኋላ ቦታውን የያዘው የቶዮታ ላንድክሩዘር ሲሆን፣ ዛሬ በየወረዳው በብዛት የምናየው ሰባዎቹ ተከታታይ የሚባሉት ሞዴሎች መሠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሸከሙት 4.2 ሊትር ይዘት ያለውን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም፤ ናፍጣው የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው፤ ኮምፒዩተር አያዘውም።

ወቀሳው እውነት አለው። ይህ ሞተር ናፍጣውን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይረጭም፤ በቅድሚያ በትንሽ ክፍል ውስጥ ያቀጣጥለዋል። በዚያ ክፍል ግድግዳ በኩል ሙቀት ስለሚባክን በቀጥታ ከሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ይልቅ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። መኪናው ከባድ ነው፤ ቅርጹም እንደ ሣጥን ስለሆነ አየር ይገፋዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ደግሞ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህ የኬሚስትሪ ሕግ ስለሆነ በሹፌር ችሎታም ሆነ በመኪና ስም አይቀየርም። ብዙ የሚጠጣ ብዙ ያወጣል።

ሆኖም ከዚህ ወደ ፍርድ ለመሻገር አንድ ተጨማሪ ስሌት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አሮጌው በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር፣ አዲሱ 10 ሊትር ይጠቀማሉ እንበል። አዲሱን መኪና ለማምረት፣ ከብረቱ ማቅለጥ እስከ መርከብ ጭነቱ ድረስ፣ 10 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል ብለን እንነሣ። በዓመት 25,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢቀየር 1,000 ሊትር ይቆጠባል፤ ይህም 2.7 ቶን ገደማ ነው። የማምረቻው ዕዳ አራት ዓመት ሳይሞላ ይከፈላል። በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ የወረዳ መኪና ቢቀየር ግን ቁጠባው 240 ሊትር፣ ከ650 ኪሎ ግራም ያነሰ ነው። ዕዳውን ለመክፈል አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ አዲሱም ያረጃል። እንግዲህ ከካርቦን አንጻር የሚመዘነው የመኪናው የልደት ዘመን ብቻ አይደለም፤ በዓመት የሚቆጥረው ኪሎ ሜትርም ነው።

ፍጥነትም ሌላው ነገር ነው። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ስለዚህ ሣጥን መሰሉ ቅርጽ በአስፋልት ላይ በ110 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ብዙ ያስከፍላል። በሠላሳና በአርባ ኪሎ ሜትር ጭቃ ለሚያቋርጥ መኪና ግን ነዳጁን የሚበላው ጭቃው፣ ዳገቱና ጭነቱ ነው። በዚያ መንገድ ላይ አዲሱም መኪና በማስታወቂያው የተጻፈለትን ቁጥር አያገኝም።

እዚህ ላይ ብናቆም አሮጌውን መኪና ነጻ ያወጣነው ይመስላል። ነገር ግን ጭስ ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የትም ይውጣ የት በዓለም አየር ላይ ይደመራል። ጥላሸትና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ግን በመጀመሪያ የሚጎዱት አጠገባቸው ያለውን ሰው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የጉዞው ማነስ ሙሉ ምክንያት አይሆንም። በጤና ጣቢያ በር፣ በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ሞተሩን ሳያጠፋ ለግማሽ ሰዓት የሚቆም መኪና አንድ ኪሎ ሜትር ባይሄድም ጉዳት ያደርሳል።

ታዲያ ማጣሪያ ያለው አዲስ ናፍጣ መኪና ማምጣት አይበቃምን? ማጣሪያው በደኅና ሲሠራ አብዛኛውን ጥላሸት ይይዛል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ ድኝ የቀነሰ ናፍጣ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ናፍጣ ውስጥ ከ10 ክፍል በላይ ድኝ አይፈቀድም። ሁለተኛው፣ የተጠራቀመው ጥላሸት እንዲቃጠል ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ያለ ጉዞ ማድረግ አለበት። ይህ ካልተሟላ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ መኪናውም ይቆማል። የምርመራ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ቀላሉ መፍትሔ ማጣሪያውን ነቅሎ መጣል ይሆናል። ያን ጊዜ በአዲስ ዋጋ የተገዛው መኪና በጭሱ ከአሮጌው ጋር ይስተካከላል። አሮጌው ግን ባምባሲ ውስጥ ባለ ጋራዥ በመፍቻ ይጠገናል። ለአምቡላንስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በመንገድ የቀረ አምቡላንስ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሰው አያድንም።

አሁን ወደ አገራችን ፖሊሲ እንለፍ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ዋናው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ነዳጃችን በሙሉ በዶላር ይገዛልና። የዓላማውን ትክክለኛነት እቀበላለሁ። ነገር ግን ሁለቱም እርምጃዎች የሚመለከቱት በር ላይ ያለውን መኪና ነው። ቀድሞ የገባውን አይነኩትም፤ እንዲያውም ምትክ ሲወደድ ያለው ዕድሜው ይረዝማል። በኩባ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀሩ የአሜሪካ መኪኖች እስከ ዛሬ የሚሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በሩ በተዘጋ ቁጥር በግቢ ያለውን መንከባከብ ግዴታ ይሆናል።

ክልላችን ደግሞ ልዩ ቦታ አለው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውና በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለው በጉባ ነው። ኃይሉ የሚመነጨው በምድራችን ሆኖ ሳለ የወረዳ መኪናችን ከባሕር ማዶ በመጣ ናፍጣ ይሄዳል። በከተማ ውስጥና በአሶሳ መንገድ ለሚደረግ አጭር ጉዞ የኤሌክትሪክ መኪና የማይሆንበት የቴክኒክ ምክንያት አይታየኝም፤ የሚያስፈልገው አስተማማኝ መስመርና መሙያ ጣቢያ ነው። ከመስመሩ ርቀው ለሚገኙ ቀበሌዎች ግን አሮጌው ናፍጣ ገና ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል።

መጠኑንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት፣ በ2010 ከአገሪቱ ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ዘርፍ የመጣ ሲሆን የትራንስፖርት ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነበር። ለክልላችን የቀርከሃ ደን መቃጠል የሚያሳስበን ከሆነ፣ ጣታችንን ሁሉ በአንድ አምቡላንስ ላይ መቀሰር «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል። ይህን ስል 3 በመቶው ይረሳ ማለቴ አይደለም፤ የወቀሳው መጠን ከጥፋቱ መጠን ጋር ይመጣጠን ነው የምለው።

እንግዲህ ማን ይወቀስ? በእኔ እምነት በመጀመሪያ የሚወቀሰው ለጭቃ የተሠራን መኪና በአስፋልት ላይ ለክብር የሚነዳው ነው። በአዲስ አበባ መንገድ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚመላለስ ቪ8፣ አዲስም ቢሆን፣ ከባምባሲው አሮጌ መኪና የበለጠ ምክንያት አልባ ነው። ቀጥሎ የሚወቀሰው ፊልትሮ በጊዜው የማይቀይር፣ ፖምፓ የማያስተካክል፣ ጥቁር ጭስ እያየ ዝም የሚል የንብረት ኃላፊ ነው። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ፍሬንና መብራት አይቶ የሚያልፍ ሳይሆን ጭስንም በመሣሪያ የሚለካ መሆን ይገባዋል። በመጨረሻ የሚወቀሰው ቆሞ ሞተር የማያጠፋ ሹፌር ነው፤ ይህን ለማረም በጀት አይጠይቅም።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ልተው። በየመሥሪያ ቤቱ የመኪና ጉዞ መዝገብ አለ፤ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ኪሎ ሜትርና የተቀዳ ነዳጅ ይጻፍበታል። ፈቃድ ጠይቃችሁ የአንድ ዓመት መዝገብ አጥኑ። ስንት ጉዞ በእውነት በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያስፈልገው ነበር? ስንቱ በሞተር ብስክሌት ወይም በባጃጅ ይፈጸም ነበር? የቱ መኪና ለየትኛው ሥራ ይቅር፣ የቱ ይተካ የሚለውን ከማናቸውም ክርክር በተሻለ የሚመልስላችሁ ያ መዝገብ ነው።

ለተነሣው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ አሮጌው ላንድክሩዘር ለጥላሸቱ ይወቀስ፤ ወቀሳውም ወደ ጥገና ያምራ። ለነዳጁ የሚወቀሰው ግን ሌላ መኪና ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ሲሠራ ነው። ሌላው በማይደርስበት ቀበሌ በክረምት ወላድ ይዞ ሲመለስ ያቃጠለው ናፍጣ ባክኗል ለማለት ግን አንደፍርም።